ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ዘንጉ፦ ዳንግላ ላይ ሞተር የተቀየረላት የጓሮ ትራክተር

ይህ የአንዲት ማሽን ጉዳይ ነው። ዳንግላ ከተማ ዳር ባለ የችግኝ ጣቢያ የምትሠራ፣ አሜሪካ ሠራሽ፣ ባለ አራት ጎማ ትንሽ የጓሮ ትራክተር ናት። የተሠራችው ሣር እንድታጭድ ነበር። እዚህ ግን ተጎታች እየጎተተች አፈር፣ ብስባሽና ውሃ ታመላልሳለች። የባሕር ዛፍ፣ የዲከረንስና የአቮካዶ ችግኝ የሚፈላበት መደብ ተዳፋት ላይ ነው። እሷ ከቆመች ያ ሁሉ ጭነት የሚሄደው በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ነው።

የጣቢያው ባለቤት፣ እኔ እትዬ የምላቸው ሴት፣ የገዟት ከዓመታት በፊት ነው። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ አገኟት። ሞተሯ ሲሞት ብዙ ሰው «ለቁራሌው ስጧትና ይገላገሉ» አላቸው። እሳቸው እምቢ አሉ። ካምቢዮዋ ጤነኛ ነው፣ ሻንሲዋ አልተጣመመም፣ የኋላ አክሰሏ ድምፅ የለውም። ልክ ነበሩ። በየግቢው አጥር ሥር እንዲህ ያሉ ማሽኖች ዝገው አያለሁ። ብዙዎቹ የሞተባቸው ሞተራቸው ብቻ ነው። የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። ጉዳዩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው፣ አንዱ አንብቦ የራሱን ማሽን ቢያስነሳ ብዬ ነው።

ሞተሩ ለምን ሞተ

አሮጌው ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። በአየር ይቀዘቅዛል፣ 12 ፈረስ ጉልበት አለው፣ ወደ 480 ሲሲ ይጠጋል። ብሎኩ ጊዛ (ቀልጦ የፈሰሰ ብረት) ስለሆነ ሞተሩ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የሞተው ጭነት ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ነው። ሹፌሩ ልጅ «ጋሼ፣ አንዴ ጓ አለና ዝም አለ» አለኝ። ስፈታው ቢዬላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከኮሎው (ከሚዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ለሁለት ተሰብሯል። ስባሪው ብሎኩን ከጎኑ በስቶት ወጥቷል።

ይህ ዓይነት ሞተር የዘይት ፓምፕ የለውም። ቢዬላው ግርጌ ላይ ማንኪያ የምትመስል ምላስ አለች። ኮሎው በዞረ ቁጥር ምላሷ ዘይቱን እየመታች ወደ ላይ ትረጫለች። ዘይቱ ከጎደለ ወይም ሞተሩ በጣም ካዘመመ ምላሷ ዘይቱን አትደርስበትም። ቢዬላው ደግሞ አልሙኒየም ነው። ብሮንዚን የሚባለው ተቀያሪ ስስ ሽፋን የለውም፤ በቀጥታ ኮሎው ላይ ነው የሚዞረው። ዘይት ለትንሽ ጊዜ ካጣ ኮሎውን ይነክሳል፤ ከነከሰ ደግሞ መሰበሩ አይቀርም።

እዚህ ሦስት ነገር ተገጣጥሟል። ዘይቱ ጎድሎ ነበር፤ የቀረውን ሳፈስ ግማሽ ያህል እንኳ አልነበረም። መንገዱ ዳገት ነው። ሦስተኛው ግን ብዙ ሰው የማያየው ነው። ከሽፋኑ ሥር ያሉት የማቀዝቀዣ ክንፎች መሃላቸው በደረቅ ሣርና በቀይ አፈር ተደፍኗል። ክረምት እርጥብ ሆኖ የገባው በጋ ላይ ደርቆ ተጋግሯል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ክንፉ ከተደፈነ ራዲያተሩ እንደተዘጋ መኪና ማለት ነው። ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነ ዘይት ደግሞ አልሙኒየሙን አያድነውም።

ብሎኩ ስለተበሳ መጠገኑ አላዋጣም። ብየዳ ይቻላል። ግን ኮሎውም ተነክሷል፣ ለዚህ ሞተር የሚሆን ቢዬላም በአካባቢው የለም። ስለዚህ ሌላ ሞተር መፈለግ ግድ ሆነ።

የወፍጮ ሞተር ለምን አልሆነም

መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ የወፍጮ ሞተር ነበር። ጎጃም ውስጥ ናፍታ ወፍጮ የማያውቅ የለም። ኤስ195 የሚባለውን ቻይና ሠራሽ ሞተር ፈታቶ የሚገጥም ሰውም አይጠፋም። እሱም 12 ፈረስ ጉልበት ነው። የእትዬ ወንድም «ያው 12 በ12 አይደል እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

ኤስ195 ያንን ጉልበት የሚሰጠው በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ ነው። የትራክተሯ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት) እና ካምቢዮ የተሠሩት ለ3,600 ዙር ነው። እንዳለ ቢገጠም በግማሽ ፍጥነት ገደማ ትሄዳለች። ይህ እንኳ በትልቅ ፑሌጃ ይስተካከላል እንበል። ክብደቱስ? ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። 95 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፒስተኑ 115 ሚሊ ሜትር እየተመላለሰ ሲመታ ንዝረቱ ቀላል አይደለም። ከላሜራ ታጥፎ የተሠራ የጓሮ ትራክተር ሻንሲ በጥቂት ወር ውስጥ ይሰነጠቃል። ለባለ ሁለት ጎማው የእጅ ትራክተር ኤስ195 ቤቱ ነው። ለዚች ግን አይሆንም።

የቀረው በየግንባታው ሚክሰር፣ በየውሃ ፓምፑና በየጀነሬተሩ ላይ የምናየው 188ኤፍ ነው። ባለ 13 ፈረስ ጉልበት ተብሎ ይሸጣል። የሆንዳን ጂኤክስ390 ንድፍ የተከተለ ነው፤ 389 ሲሲ፣ የሲሊንደር ስፋቱ 88 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ 64 ሚሊ ሜትር። ከ30 ኪሎ ትንሽ ነው የሚያልፈው። መለዋወጫው ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ሞልቷል። የገዛነው ዘይት ሲጎድል ሞተሩን ራሱ የሚያጠፋ ሴንሰር ያለውንና በሞተሪኖ የሚነሳውን ነው። አሮጌው ከሞተበት ምክንያት አንጻር ለእኔ ከፈረስ ጉልበቱ የሚበልጠው ይህ ሴንሰር ነው።

ዘንጉ

ሞተር ሻጭ የሚነግርህ ፈረስ ጉልበት ነው። አንተ መጠየቅ ያለብህ የሞተሩ ኃይል ስለሚወጣበት ዘንግ ነው። ዘንጉ የተኛ ነው ወይስ የቆመ? ውፍረቱ ስንት ነው? ከመቀመጫው ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል? ወደየት ይዞራል? ርዝመቱስ? ሣር ማጨጃዎች ብዙዎቹ የቆመ ዘንግ ነው ያላቸው። የእትዬ ትራክተር የቆመ ዘንግ ቢሆንባት ኖሮ 188ኤፍ በምንም ዘዴ አይገጥምላትም ነበር። ደግነቱ የተኛ ነው።

አዟዟሩም ይገጥማል። ከዘንጉ ፊት ለፊት ቆመህ ስታይ ሁለቱም ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራሉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን አንዳንድ አሮጌ ትራክተሮች ኃይል የሚወስዱት ከቮላኖው (በሌላኛው ጫፍ ካለው ከባድ ክብ ብረት) በኩል ነው። በእነሱ ላይ አዲሱን ሞተር በዘንጉ በኩል ብትገጥመው ካምቢዮው በግልባጭ ይዞራል፤ ወደፊት የነበረው ማርሽ ሁሉ ወደኋላ ይሆናል።

ሌላው፣ አሮጌው ሞተር ሳይነሳ መለካት ነው። የሞተ ሞተር ስታይ ቶሎ ፈትተህ ማውጣት ያምርሃል። አታውጣ። ፑሌጃው ከሻንሲው ጠርዝ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ፣ የዘንጉ መሃል ከሻንሲው በስንት ከፍ እንደሚል፣ ቺንጋው በየት በኩል እንደሚያልፍ ለክተህ ሻንሲው ላይ በቾክ ጻፍ። ሞተሩ አንዴ ከወረደ ያ ልኬት የለም።

የእኛ ልኬት ይህን አሳየ። የአሮጌው ዘንግ ውፍረት 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። የአዲሱ 25.4 ነው። የአዲሱ ዘንግ መሃል ከመቀመጫው 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ከአሮጌው በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።

ፑሌጃውን መጣል አልፈለግንም። ሁለቱም ሞተር በ3,600 ዙር ስለሚሠሩ፣ የድሮው ፑሌጃ ከተመለሰ የትራክተሯ ፍጥነት እንደነበረ ይቆያል። ስለዚህ ባሕር ዳር ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ቶርነኛው በመሃል የምትገባ ቡሽ (ስስ የብረት ቀለበት) አወጣልን። ግድግዳዋ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ የሳሳች ቡሽ ኃይል አትሸከምም። ሥራዋ ፑሌጃውን መሃል ለመሃል ማስቀመጥ ብቻ ነው። ኃይሉን የሚያስተላልፈው በዘንጉና በፑሌጃው ቦይ መካከል የሚገባው አራት ማዕዘን ብረት ነው። ስለዚህ ቡሿ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀች፤ ብረቱ በስንጥቋ ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው ብረት ስፋቱም ቁመቱም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። በስፋት ልክ ይገባል። በቁመት ግን ዘንጉ ስለቀጠነ የብረቱ ጫፍ ያንኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ከፑሌጃው ቦይ ወደ ታች ይቀራል። የሚይዘው በጫፉ ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ ጥሩ የገባ ይመስላል፤ ጭነት ሲመጣ ግን ጠርዙን በልቶ ቦዩን ያበላሸዋል። ቶርነኛው ወደ 8 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያለው ብረት ከጠንካራ ዘንግ ቆርጦ፣ በሞረድ እየሞረደ፣ በእጅ ግፊት ብቻ የሚገባ እስኪሆን አለሰለሰው። መዶሻ አልነካውም። እንዲህ ያለ ባለሙያ ባለበት ከተማ ማሽን መጣል አያስፈልግም።

ከፍታውን በመቀመጫ አስተካከልነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ሳህን ተቆረጠ። ከሥሩ ሁለት ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ዩ ብረት ተበየደ። የቡሎን ቀዳዳዎቹን ክብ አላደረግናቸውም፤ ሞላላ ናቸው። ሞተሩን ወዲያና ወዲህ እየገፉ ቺንጋውን ለመወጠርና ከታችኛው ፑሌጃ ጋር ለማስተካከል ነው። ከሥሩ ጎማ አላስገባንም። በቺንጋ የሚጎትት ሞተር ጎማ ላይ ከተቀመጠ ጭነት ሲመጣ ያዘነብላል፤ ቺንጋውም ይላላል።

ማስተካከያው ሲባጎ ነው። የሁለቱን ፑሌጃ ፊት በአንድ የተወጠረ ሲባጎ ነካን። ሲባጎው አራቱንም ጠርዝ እኩል ሲነካ ቡሎኖቹን አጠበቅን። ፑሌጃውንም ዘንጉ ጫፍ ላይ አላንጠለጠልነውም። ወደ ሞተሩ በቀረበ ቁጥር የዘንጉ ኩሺኔታ ይድናል።

የማጥፊያው ሽቦ

መካኒኮች በጥንቃቄ እንዲያነቡት የምፈልገው ክፍል ይህ ነው።

የአሮጌው ሞተር ማቀጣጠያ በባትሪ ነበር። ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት ወደ ኮይሉ ይሄዳል፣ ሲዘጋ ይቋረጣል። አዲሱ እንደዚያ አይደለም። ቮላኖው ላይ ያለው ማግኔት ራሱ ለካንዴላው እሳት ይሠራል። ባትሪ አይፈልግም። የሚጠፋው ደግሞ ከኮይሉ የሚወጣው ሽቦ ሻንሲ ሲነካ ነው። የሁለቱ አሠራር ተቃራኒ ነው። የድሮውን የቁልፍ ሽቦ «ያው የማቀጣጠያ ነው» ብሎ ከአዲሱ ማጥፊያ ሽቦ ጋር ያገናኘ ሰው፣ 12 ቮልት ወደ ኮይሉ ይልካል። አዲሱ ኮይል እዚያው ይቃጠላል።

ቀላሉ መፍትሔ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አድርጎ ሽቦውን ሻንሲ ማስነካት ነው። ሹፌሩም እትዬም በዚህ ደስተኛ ነበሩ። እኔ ግን ሹፌሩ ከመቀመጫው ሲነሳ ሞተሩን የሚያጠፋው የደኅንነት ማብሪያ እንዳይቀር ፈለግሁ። ይህች ትራክተር ተዳፋት ላይ ጭነት ትጎትታለች። ሹፌሩ ከወደቀ ሞተሩ መጥፋት አለበት።

ስለዚህ ባለ አምስት እግር የመኪና ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ገጠምን። የሞተሩ ማጥፊያ ሽቦ 30 ቁጥር ላይ፣ 87ኤ የተባለው እግር ሻንሲ ላይ። ሪሌው ኤሌክትሪክ ካላገኘ እነዚህ ሁለቱ የተገናኙ ናቸው፤ ሞተሩ ይጠፋል። ቁልፉ ሲከፈትና ሹፌሩ መቀመጫው ላይ ሲቀመጥ ሪሌው ኤሌክትሪክ ያገኛል፣ ሽቦው ከሻንሲው ይለያል፣ ሞተሩ ይሠራል። ሽቦው ቢቆረጥ፣ ፊውዙ ቢሄድ፣ ባትሪው ቢሞት ውጤቱ መጥፋት ነው። የደኅንነት ሥራ ሲበላሽ ወደ መጥፋት መበላሸት አለበት።

ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ቅሬታ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ጉድጓድ ስገባ እትት ይላል።» እውነቱን ነው። መቀመጫው ሲነጥር ሪሌው ለቅጽበት ይለቅ ነበር። ሽቦውን ቁረጠው ያለው ሰው አልጠፋም። እኛ የመቀመጫውን ማብሪያ ከፍ አድርገን አሰርነው፤ አሁን መቀመጫው ትንሽ ቢነሳም አይለቅም። ሰው ሲወርድ ግን ይለቃል።

ነዳጁ ብዙ አላስቸገረም። የትራክተሯ የቤንዚን ጋን ከመቀመጫው ሥር፣ ከካርቡራቶሩ በታች ነው። አሮጌው ሞተር የነዳጅ ፓምፕ ነበረው፣ አዲሱ የለውም፤ ቤንዚን የሚያገኘው ከላዩ ካለው ጋን ቁልቁል በመውረድ ነው። ስለዚህ የራሱን ጋን ትተንለት ኮፈኗን ከላይ ቆረጥን። ቤንዚኑ በጀሪካን የሚመጣ ስለሆነ መሃል ላይ ፊልትሮ ጨመርን። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ወደ ሹፌሩ እግር ስለሚተነፍስ አፉ ወደ ውጭ ዞረ። የሞተሩ ማራገቢያ አየር በሚስብበት በኩል ደግሞ በላሜራ ከለልነው፤ የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይገባ ነው።

የዳንግላ አየር

ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። ዳንግላ ላይ ሩብ ሊሞላ ምንም አይቀረው። በ13 ፈረስ የሚሸጠው ጂኤክስ390 ራሱ ትክክለኛ ጉልበቱ 11.7 ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ከዚያ ላይ ሩቡ ሲቀነስ 9 አይሞላም። እትዬ «13 ብዬ ገዝቼ 9 ነው የምትለኝ?» አሉ። የአሮጌውም 12 እዚህ 9 ገደማ ነበር። ያጡት ነገር የለም፤ የተጨመረላቸውም የለም።

ከጉልበቱ ይልቅ ጭሱ ነው ያሳሰበኝ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን በአንጻሩ ይበዛል። ሽቅብ ሲጎትት ጥቁር ጭስ አወጣ። ካንዴላውን ስፈታው ደርቆ የጠቆረ ጥላሸት ለብሷል። ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠሩ ሞተሮች ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጂግለር (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ክፍል) የሚመከረው ለዚህ ነው። ባሕር ዳር ፈልገን አግኝተን ቀየርነው። ጭሱ ቆመ፣ ካንዴላው ቡናማ ሆነ፣ ቤንዚኑም ቆጠበ። ይህችው ትራክተር ወደ ቆላ ብትሸጥ ግን የድሮው ጂግለር መመለስ አለበት። ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል። የወጣው ጂግለር በወረቀት ተጠቅልሎ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል።

አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ጉልበቱ ሲያንስበት የጋቨርነሩን (የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረውን ክፍል) ሞላ እንወጥረው ብሎ ነበር። ፈጽሞ አይነካም። የዚህም ሞተር ቢዬላ አልሙኒየም ነው፤ ዘይቱም በምላስ ነው የሚረጨው። ከ3,600 ዙር በላይ ማስጮህ የአሮጌውን ሞት መድገም ነው።

የተለወጠው አነዳዱ ነው። አሮጌው ሲሲው የበዛ፣ ቮላኖው የከበደ ስለነበረ በዝግታም እየታገለ ይጎትታል። አዲሱ ዙር ይፈልጋል። ልጁ በከባድ ማርሽ ዝቅ ባለ ጋዝ መሄድ ለምዷል፤ አሁን ማርሹን ቀንሶ ጋዙን ሙሉ ማድረግ ተማረ። ፊቷም ቀሏል። ከ20 ኪሎ በላይ ስለተቀነሰ፣ የሞላ ተጎታች ይዛ ዳገት ስትጀምር የፊት ጎማዎቿ መሬቱን በደንብ አይዙም ነበር፤ መሪ ሲዞር ትንሸራተታለች። ፊት ለፊት አሮጌ የወፍጮ ብረት በቡሎን አሰርን። መሪዋ ተመለሰ።

አዲስ ሞተር የሚመጣው ያለ ዘይት ነው። 1.1 ሊትር ሞልተን ነው ያስነሳነው። ከመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ በኋላ ዘይቱ ተቀየረ፤ ሲወጣ በውስጡ የብረት ብናኝ ያብረቀርቅ ነበር፤ በአዲስ ሞተር የሚጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ነው። ሴንሰር አለ ተብሎ ዘይት ማየት አይቀርም። ልጁ ጠዋት ጠዋት ሜዳ ቦታ አቁሞ ያያል። ተዳፋት ላይ የታየ ዘይት ይዋሻል። ቅዳሜ ደግሞ የሞተሩን ሽፋን አንስቶ ክንፎቹን በጎማ ፓምፕ አየር ይነፋል። የመቀመጫው ቡሎኖችም ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ እንደገና ጠብቀዋል፤ ሁለቱ ላልተው ነበር።

የሣር ማጨጃው ግን አልተመለሰም። የእሱ ቺንጋ የሚዞረው እዚያው ዘንግ ላይ ባለ ሁለተኛ ፑሌጃ ነበር፤ የአዲሱ ዘንግ ርዝመት ለሁለት አይበቃም። ማስረዘሚያ ማስወጣት ይቻላል፤ ሆኖም ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ኩሺኔታው ይጎዳል። እትዬን ስጠይቃቸው አልፈለጉም። የግቢውን ሣር ጎረቤቶች ለከብቶቻቸው በማጭድ አጭደው ይወስዱታል።